ኤይናውዲን በአራት ኮርድ ብቻ አትመዝኑት

ሰሞኑን ስለ ጣሊያናዊው የሙዚቃ ደራሲ ሉዶቪኮ ኤይናውዲ የተጻፈ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው አየሁ። የተስማማበትም ብዙ ነው። ጽሑፉ በአጭሩ የሚለው ይህን ነው። ኤይናውዲ የወጣው በቤተሰቡ ስም ነው። ከባድ ሙዚቃ መጻፍ ስላቃተው ወደ ቀላሉ ዞረ። ሥራው ሁሉ አራት ኮርድ (አብረው የሚሰሙ የኖታዎች ስብስብ) ነው። ዝናውን ያገኘው በፊልም ነው። ከማሊ ሙዚቀኞች ወስዶ ራሱን ጠቀመ። በአርክቲክ በረዶ መሀል ፒያኖ መጫወቱ ማስታወቂያ ነበር። ስለዚህ ክላሲካል ደራሲ ሊባል አይገባም፤ የፒያኖ አስተማሪዎችም ለተማሪ ባይሰጡት ይሻላል።

እኔ የኤይናውዲን ሙዚቃ እወዳለሁ። ይህን ከመጀመሪያው ልናገር። መልሴን የምጽፈው ግን ስለምወደው ብቻ አይደለም። ጽሑፉ ብዙ ቦታ ላይ እውነታውን ስቷል፤ በሳተው ላይ ተመሥርቶም ከባድ ፍርድ ሰጥቷል። ነጥብ በነጥብ ልሂድበት። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከቤተሰቡ እንጀምር። ጸሐፊው አያቱ ፕሬዚዳንት፣ አባቱ ታዋቂ አሳታሚ ስለነበሩ በሩ ሁሉ ተከፍቶ ጠበቀው ይላሉ። አያቱ ሉዊጂ ኤይናውዲ ከ1948 እስከ 1955 የጣሊያን ፕሬዚዳንት እንደነበሩ እውነት ነው። ሥልጣን የለቀቁት ግን በሜይ 1955 ነው። ሉዶቪኮ ቱሪን ውስጥ የተወለደው በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ነው። አያቱን በፕሬዚዳንትነት አላያቸውም። አባቱ ጁሊዮ በ1933 ያቋቋመው ማተሚያ ቤት ደግሞ የጣሊያንን ትልልቅ ደራስያን ያሳተመ ነው፤ ፋሺስቶች በ1935 ጁሊዮን አስረውታል። መጻሕፍትና ደራስያን በሞሉበት ቤት ማደግ ትልቅ ዕድል መሆኑን ማንም አይክድም። ግን ማተሚያ ቤቱ ራሱ በ1980ዎቹ፣ ልጁ ሥራ በጀመረበት ሰዓት፣ ከባድ የገንዘብ ቀውስ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ጽሑፉ ስለ እናቱ አንድም ቃል አይናገርም። እኔን በጣም የገረመኝ ይሄ ነው። ሙዚቃው የመጣው በእናቱ በኩል ነዋ! እናቱ ሬናታ አልድሮቫንዲ ቤት ውስጥ ፒያኖ ትጫወትለት ነበር። የእሷ አባት ዋልዶ አልድሮቫንዲ ፒያኒስት፣ የኦፔራ ኦርኬስትራ መሪና የሙዚቃ ደራሲ ነበር፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ አውስትራሊያ ተሰደደ። ስለ ኤይናውዲ ዘር መነጋገር ካስፈለገ መነሳት ያለበት ይህኛው አያት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ኤይናውዲ ከኮንሰርቫቶሪ (ከከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት) የተመረቀው በ1982 ነው። ስሙን ያስጠራው የመጀመሪያው የፒያኖ አልበሙ “ሌ ኦንዴ” የወጣው በ1996 ነው። ያኔ አርባ ዓመቱ ነበር። የቤተሰብ ስም የሚገፋው ሰው አሥራ አራት ዓመት አይጠብቅም።

ወደ ትምህርቱ ልለፍ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የጽሑፉ ትልቁ ስህተት ያለው እዚህ ነው። ጸሐፊው ኤይናውዲ ዘመናዊውን፣ አስቸጋሪውን ሙዚቃ መጻፍ ስላልቻለ ሸሸ ይላሉ። የተማረው ግን ሚላኖ ባለው የጁሴፔ ቬርዲ ኮንሰርቫቶሪ ነው። ከዚያ በኋላ ያስተማረው ሉቻኖ ቤሪዮ ነው። ቤሪዮ ማለት ከጦርነቱ በኋላ በጣሊያን ሙዚቃ ውስጥ ስማቸው ከሁሉ ቀድሞ ከሚነሳ ሁለት ሦስት ሰዎች አንዱ ነው። በ1955 ከብሩኖ ማደርና ጋር ሆኖ በጣሊያን ሬዲዮ ውስጥ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ስቱዲዮ ያቋቋመ ሰው ነው። ለአንድ መሣሪያ ብቻ የጻፋቸው “ሴኩዌንዛ” የሚባሉ ሥራዎቹ ዛሬም የጎበዝ ተጫዋች መፈተኛ ናቸው። ኤይናውዲ የዚህ ሰው ተማሪም ረዳትም ነበር። በ1982 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ለሚካሄደው የታንግልዉድ የሙዚቃ ፌስቲቫል የነፃ ትምህርት ዕድል አገኘ።

በ1980ዎቹ ለኦርኬስትራና ለትንንሽ የመሣሪያ ቡድኖች ይጽፍ ነበር። ሥራዎቹ ሚላኖ ባለው የላ ስካላ ኦፔራ ቤት፣ ኒው ዮርክ ባለው የሊንከን ሴንተር የኪነ ጥበብ ማዕከል ቀርበዋል። ያኔ የሚጽፈው ሙዚቃ ጸሐፊው “ከባድ” የሚሉት ዓይነት ነው። በዚያ መንገድ ቢቀጥል ማንም አይከለክለውም ነበር። ግን ወደ ውዝዋዜ ቲያትር ሄደ፤ በ1988 “ታይም አውት”ን ሠራ። በ1992 “ስታንዜ” የሚለውን አልበም አወጣ፤ ሙሉው በበገና መሰሉ ሃርፕ፣ ቼቺሊያ ሻዪ የተጫወተችው ነው። ከዚያ ነው ወደ ፒያኖው የመጣው። ደረጃ በደረጃ፣ አስቦበት፣ የሚያውቀውን ትቶ ነው እዚህ የደረሰው። ቀላል ነገር የሚጽፍ ሰው ሁሉ ከባዱን የማይችል ነው ብሎ መደምደም ትክክል አይደለም።

አስተማሪውን ከድቷል የሚለውም አይሄድም። ቤሪዮ ራሱ በ1964 የሕዝብ ዘፈኖችን ሰብስቦ “ፎክ ሶንግስ” በሚል ሥራ አሰናድቷቸዋል። የአርሜንያ፣ የሲሲሊ፣ የአዘርባጃን ዜማዎች አሉበት። የቢትልስን ዘፈኖች ሳይቀር ለዘፋኟ ካቲ በርቤሪያን አዘጋጅቷል። ከአፍሪካ የድምፅ ሙዚቃም ተምሯል። እንዲህ ዓይነት አስተማሪ ያለው ተማሪ ፖፕና የሕዝብ ዜማ ወደ ሥራው ቢያስገባ ካስተማሪው ተማረ እንጂ ከዳ አይባልም።

አሁን ወደ አራቱ ኮርዶች። ጸሐፊው ምሳሌ ያደረጉት “ኑቮሌ ቢያንኬ”ን ነው፤ በ2004 “ኡና ማቲና” በሚለው አልበም ላይ የወጣው፣ ሁላችንም በስልካችን የሰማነው። ኮርዶቹን በትክክል ቆጥረዋል። ኤፍ ማይነር፣ ዲ ፍላት፣ ኤ ፍላት፣ ኢ ፍላት። እነዚህ አራቱ ይሽከረከራሉ። ታዲያ ምን ይጠበስ?

ጣሊያናዊው የሙዚቃ ደራሲ ክላውዲዮ ሞንቴቨርዲ በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ስለ አንዲት የተከዳች ሴት ልቅሶ የጻፈው ሥራ አለ። ከሥሩ ያለው ባስ፣ ማለትም ዝቅተኛው ድምፅ፣ አራት ኖታ ብቻ ነው። ወደ ታች እየወረደ ይደጋገማል፤ ልቅሶው ከተጀመረ እስኪያልቅ። በላዩ ላይ ሴትየዋ ታለቅሳለች፤ ዜማዋ ባሱን አንዴ ይቀድመዋል፣ አንዴ ይዘገያል። ልብ የሚነካው እሱ ነው፤ ከታች ያለው አይለወጥም፣ ከላይ ያለው ግን አያርፍም። “ካኖን” በሚባለው የጀርመናዊው ፓኸልቤል ሥራ ውስጥ ደግሞ አንዱ ባስ 28 ጊዜ ይመላለሳል። የተመላለሰ ኮርድ ጥፋት ከሆነ ግማሹን የባሮክ ሙዚቃ፣ የነሞንቴቨርዲንና የነፓኸልቤልን ዘመን ሙዚቃ፣ መጣል አለብን። ኤይናውዲ የሚሠራበት መንገድ ጣሊያን ውስጥ ቢያንስ አራት መቶ ዓመት ያስቆጠረ ነው። ጥቂት ነገር እየደጋገሙ የሚሠሩት አሜሪካውያን የሚኒማሊዝም ደራስያን የጨመሩበት ነገር አለ፤ ሮክም አለበት። ሥሩ ግን አገሩ ውስጥ ነው።

ስለዚህ የሚጠየቀው የኮርዶቹ ቁጥር አይደለም። በእነሱ ምን ተሠራ ነው ጥያቄው። “ኑቮሌ ቢያንኬ”ን ደጋግማችሁ ስሙት። መግቢያው ላይ ቀኝ እጅ ይጀምርና ይቆማል። ድምፁ በእግር በሚረገጠው ፔዳል ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ዋናው ዜማ ሲገባ ግራ እጅ ኮርዱን በታትኖ እንደ ወራጅ ውኃ ያስኬደዋል። ዜማው ብዙ ጊዜ ኮርዱ ላይ በቀጥታ አያርፍም፤ ጎረቤት ኖታ ላይ ይቆይና ዘግይቶ ይወርዳል። ያ መዘግየት ነው ሆዳችንን ባር ባር የሚያሰኘው። “ዲቬኒሬ”ን ውሰዱ፤ በ2006 ከሮያል ሊቨርፑል ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር የተቀዳው። ፒያኖው ያንኑ ነገር ይዞ ሲሄድ እነ ቫዮሊንና ቼሎ ከሥሩ እየሰፉ ይመጣሉ። ለውጡ ያለው ኮርዱ ውስጥ አይደለም፤ በድምፁ ውፍረት፣ በጥንካሬው፣ በመሣሪያዎቹ አገባብ ነው። ይህን ማቀድ ኦርኬስትራ ማወቅ ይጠይቃል።

ጀማሪ ይጫወተዋል የሚለውስ? ኖታዎቹን ጀማሪ ይጫወታቸዋል፣ አዎ። ግራ እጁን ዝም አሰኝቶ ዜማውን ብቻ ማውጣት ግን ጀማሪ አይችልም። ፔዳሉን በሰዓቱ ካልቀየረ ሁሉም ይደበላለቃል። ቶሎ ከሄደ ይሞታል፤ ከጎተተም ይሞታል። ኢንተርኔት ላይ የሚታዩትን ጀማሪዎች ከራሱ ከኤይናውዲ ቅጂ ጋር አስተያዩና ልዩነቱ ወዲያው ይሰማችኋል።

የፊልሙን ነገር ቶሎ ልለፈው፤ ብዙ የሚያከራክር አይደለም። በ2011 የወጣው የፈረንሳዩ “ኢንቱሻብል” ፊልም ኤይናውዲን ለብዙ ሰው አስተዋውቋል። ግን ፊልሙ ውስጥ ያሉት “ኡና ማቲና” እና “ፍላይ” በ2004 እና በ2006 በአልበም የወጡ ናቸው። “ኖማድላንድ” እና “ዘ ፋዘር”ም እንደዚያው ናቸው፤ ዋነኞቹ ሙዚቃዎች “ሰቨን ዴይስ ዎኪንግ” ከሚለው ከ2019 ሥራው የተወሰዱ ናቸው። የፊልም ሰዎች መጥተው የወሰዱት ያለቀ ሥራ ነው። በቀጥታ ለፊልም የጻፋቸው አሉት፤ ለጃፓናዊው ዳይሬክተር ለኮሬኤዳ “ዘ ሰርድ መርደር” የሠራው አንዱ ነው። ጸሐፊው ለማጣጣል የጠሯቸው ግን እነዚህን አልነበረም።

ከሁሉም ያሳዘነኝ የማሊው ክስ ነው። “አፍሪካን ዘረፈ” የሚል ነው። ይህ ክስ ቀልድ አይደለም፤ ለኛም ቅርብ ነው። ስንት አፍሪካዊ ሙዚቀኛ ነው ዜማው ተወስዶ ስሙ ሳይጠራ የቀረው! ስለዚህ ክሱ በሚገባው ሰው ላይ መዋል አለበት።

የሆነው እንዲህ ነው። ኤይናውዲ የማሊን ሙዚቃ ይወድ ነበር። በ2001 የወጣው “ኢ ጆርኒ” የሚለው አልበም ከአንድ የማሊ ጥንታዊ ዘፈን የተነሳ ነው፤ ሰው ስለሚወደው አንድ ጉማሬና ስለገደለው አዳኝ የሚተርክ ዘፈን። መነሻውን ራሱ ተናግሯል። በ2003 ቲምቡክቱ አካባቢ ኤሳካኔ በተካሄደው የበረሃው ፌስቲቫል ላይ ከባላኬ ሲሶኮ ጋር ተጫወተ። በዚያው ዓመት ሁለቱ “ዲያሪዮ ማሊ”ን አወጡ። ሽፋኑ ላይ የሁለቱም ስም አለ። እኩል።

ባላኬ ሲሶኮ ማነው? ጽሑፉ ስሙን እንኳ አይጠራም፤ “አንድ የማሊ ሙዚቀኛ” ብሎ ያልፈዋል። ተቆርቋሪው ስሙን ሳይጠራ፣ ዘራፊ የተባለው ግን ሽፋን ላይ ጽፎታል። ሲሶኮ ከትውልድ ትውልድ ሙዚቃና ታሪክ ከሚያወርሱ የግሪዮት ቤተሰብ የተወለደ፣ ኮራ የሚባለው የምዕራብ አፍሪካ የክር መሣሪያ ሊቅ ነው። አባቱ ጀሊማዲ ሲሶኮም የታወቀ የኮራ ተጫዋች ነበር። ከኤይናውዲ ጋር ከመገናኘቱ በፊት፣ በ1999፣ ከቱማኒ ዲያባቴ ጋር የኮራ ሁለትዮሽ አልበም አውጥቶ ዓለም አውቆታል። ማንም አንስቶ የሚጠቀምበት ምስኪን አልነበረም።

ሙዚቃውን ስሙትና ደግሞ ፍረዱ። ኮራ 21 ክሮች አሉት። ክሮቹ አንድ ጊዜ ከተቃኙ በኋላ በጨዋታ መሀል ቅኝት መቀየር አይቻልም። ፒያኖ ግን ወደፈለገው መሄድ ይችላል። ክራር ቃኝቶ የሚያውቅ ሰው ይህ ወዲያው ይገባዋል። ሁለቱ አብረው ሲጫወቱ አንዱ ነፃነቱን መተው አለበት። “ዲያሪዮ ማሊ” ውስጥ የተወው ፒያኖው ነው። በኮራው ቅኝት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ሲሶኮ በአውራ ጣትና በሌባ ጣቱ ሲፈጥን ኤይናውዲ ሁለት ሦስት ኖታ ብቻ እያስቀመጠ ይጠብቀዋል። ትሕትናው ይሰማል። ከኤይናውዲ ሥራዎች አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ምናልባት ይህን አልበም እመርጥ ነበር።

ይህ ልማዱ ማሊ ላይም አላቆመም። በ2010 እና በ2011 ደቡብ ጣሊያን ሳሌንቶ ውስጥ በሚካሄደው “ኖቴ ዴላ ታራንታ” ፌስቲቫል የሙዚቃ መሪ ነበር። ፒዚካ የሚባለውን የገበሬዎች ጭፈራ፣ ያገሩን ሰዎች ይዞ አቀረበው። ከዚያ በ2015 የወጣው “ታራንታ ፕሮጀክት” አልበም ላይ ባላኬ ሲሶኮ እንደገና አለ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ማለት ነው። የተዘረፈ ሰው ተመልሶ ከዘራፊው ጋር አይጫወትም።

ስለ አርክቲኩ አጭር መልስ አለኝ። በጁን 2016 በኖርዌይ የአርክቲክ ደሴቶች በስቫልባርድ፣ ከዋህለንበርግብሬን የበረዶ ግግር ፊት ለፊት፣ በተንሳፋፊ መድረክ ላይ “ኤለጂ ፎር ዘ አርክቲክ”ን ተጫወተ። ያዘጋጀው የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቱ ግሪንፒስ ነው። የአርክቲክ ባሕር ጥበቃ የሚነጋገርበት ዓለም አቀፍ ስብሰባ ሊካሄድ ሲል ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ዘመቻ ነበር፤ ዘመቻ መሆኑንም ማንም አልደበቀም። ጸሐፊው እንደ ምስጢር ማጋለጣቸው አልገባኝም። ቪዲዮው ላይ እየተጫወተ እያለ በረዶው ከኋላው ሲናድ ይሰማል። ቁራጩ ራሱ ከጥሩ ሥራዎቹ አንዱ ነው ብዬ አላስብም፤ ግን ዓላማውን ፈጽሟል።

ክላሲካል ነው አይደለም የሚለው ክርክር ላይ ጊዜ ማጥፋት አልፈልግም። ኖታ ይጽፋል፣ ለኦርኬስትራ ይጽፋል፣ ኦፔራም ጽፏል። ኦፔራውን ግን ላንሳው፤ ጽሑፉ ጨርሶ ዘሎታል። “ዊንተር ጆርኒ” ይባላል። በኦክቶበር 2019 ሲሲሊ ውስጥ፣ ፓሌርሞ በሚገኘው ቴአትሮ ማሲሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ግጥሙን የጻፈው አየርላንዳዊው ደራሲ ኮልም ቶይቢን ነው፤ ያዘጋጀው ሮቤርቶ አንዶ ነው። ታሪኩ ከአገሩ ተሰዶ ቀዝቃዛ አገር ውስጥ ስለሚንከራተት፣ ሚስትና ልጁን ትቶ ስለመጣ ሰው ነው። መድረኩ ላይ ሴኔጋላዊው ባዳራ ሴክና የማሊዋ ሮኪያ ትራኦሬ ዘፍነዋል። ከዚያ ስድስት ዓመት በፊት በጣሊያኗ ደሴት በላምፔዱዛ ዳርቻ ላይ ጀልባ ሰጥሞ ከ360 በላይ ሰው አልቋል፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። የኛም ልጆች በዚያ ባሕር አልፈዋል፤ ያላለፉም አሉ። በሲሲሊ ዋና የኦፔራ ቤት ውስጥ፣ ጣሊያን በስደተኛ ጉዳይ ስትነታረክ፣ እንዲህ ያለ ሥራ ያቀረበን ሰው “የማስተኛ ሙዚቃ ጸሐፊ” ብሎ መጥራት አይገባም።

አንድ ነገር ላይ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። የኤይናውዲ ሥራ እኩል አይደለም። አልበሞቹን በተከታታይ የሰማ ሰው አንዱን ከሌላው መለየት የሚያቅተው ጊዜ አለ። በ2022 የወጣው “አንደርዎተር” ለእኔ ደካማ ነው፤ ድምፁ ያምራል፣ ግን ብዙ ጊዜ የትም አይሄድም። ሰው እያጠና፣ እየተኛ የሚከፍተው ሙዚቃ ሆኗል የሚለውም እውነት አለው። መደጋገሙ ግን ሁልጊዜ ስንፍና አይደለም። “ሰቨን ዴይስ ዎኪንግ” ሰባት አልበም ነው፤ በየወሩ አንድ አንድ እያለ የወጣ። መነሻው አልፕስ ተራራ ላይ በክረምት የሄደባቸው የእግር መንገዶች ናቸው። ያው መንገድ፣ ሌላ ቀን፣ ሌላ አየር። የመጀመሪያው ቀን ዜማ በሦስተኛው ቀን ተቀንሶ ይመለሳል፤ በሌላው ቀን ፌዴሪኮ ሜኮዚ በቫዮሊን፣ ሬዲ ሃሳ በቼሎ ይቀበሉታል። እዚህ ውስጥ መመሳሰሉ የሥራው ሐሳብ ነው። አንዱን ቀን ብቻ ሰምቶ “ይመሳሰላል” ማለት አያስኬድም።

የቀረው ለፒያኖ አስተማሪዎች የተሰጠው ምክር ነው። ተማሪ “ኑቮሌ ቢያንኬ”ን ፈልጎ ከመጣ አትመልሱት። ከዚህ በላይ ምክንያት ይዞ የሚመጣ ተማሪ የት ይገኛል? ግራ እጅን ዝቅ ማድረግ በዚያ ይማራል፤ ፔዳል በዚያ ይማራል፤ ዘግይቶ የሚያርፍ ኖታ ምን እንደሚያደርግ በጆሮው ይይዛል። ከዚያ የሞንቴቨርዲን አራት ኖታ ባስ አሰሙት፤ ወዲያው ይገባዋል። ባኽም ይከተላል።

ጸሐፊው ለዚህ መልስ ካላቸው በደስታ አነባለሁ። ግን ከመጻፋቸው በፊት “ዲያሪዮ ማሊ”ን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲሰሙት እለምናለሁ። ሲጽፉም የባላኬ ሲሶኮን ስም ይጥሩት።